የተማሪዎች የጋራ ንድፍና የነጋዴው ድርሻ

ገንዘብ ያለ ዕውቀት፣ ዕውቀትም ያለ ሥራ ፍሬ እንደማይሰጥ የንግድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በባሌ ደጋ ግን እነዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሳሉ ገና አልተጠያየቁም። በሮቤ ከተማ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቶችን ሲያስተምር ኖሯል፤ በዚያው ከተማና በጎረቤቷ በጎባ ደግሞ የእህል ነጋዴዎች መጋዘኖቻቸውን በየዓመቱ ይሞላሉ፤ በየዓመቱም ከተበላሸው እህል የተነሣ ይከስራሉ።

በምሕንድስና ትምህርት መመረቂያቸው የደረሰ ተማሪዎች አራትም አምስትም ሆነው በአንድነት አንድ ንድፍ እንዲያወጡ መታዘዛቸው ባገራችን የተለመደ ነው። አንዱ ይለካል፣ ሌላው ያሰላል፣ ሌላው ይስላል፣ ሌላውም ወጪውን ይገምታል። ሥራው በመምህራን ፊት ቀርቦ ማርክ ካገኘ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የብዙ ወራት ድካም አቧራ ሲለብስ ጉዳቱ የተማሪው ብቻ እንዳይመስል፤ የነጋዴውም ጉዳት ነው።

ለምሳሌ የስንዴን ነገር እንመልከት። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት የዝናብ ወራት ስላሉት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሆኖም አዝመራው ከዝናብ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ አለ፤ ኮምባይነርም ሰፊውን ማሳ በአጭር ጊዜ ስለሚያጭደው እህሉ በቅጡ ሳይደርቅ ወደ መጋዘን ይገባል። ከመቶው 16 እጅ ርጥበት ያለበት 1000 ኩንታል ስንዴ ርጥበቱ ወደ 12.5 በመቶ ሲወርድ 960 ኩንታል ይሆናል። እንግዲህ ርጥበቱን ሳይለካ የገዛ ነጋዴ በስንዴ ዋጋ 40 ኩንታል ውሃ ገዛ ማለት ነው። ሳያደርቀው ቢያከማቸውም ይግላል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝም ይወርረዋል። በደጋው ብርድ ሌሊት ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የሚጠራቀመው ላብ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል።

ይህን ችግር አንድ ባለ ሙያ ብቻውን አይፈታውም። የመሬቱን ከፍታ፣ የግድግዳውንና የጣራውን አሠራር፣ የነፋስ መግቢያውን የሚነድፍ የሕንፃ ተማሪ ያስፈልጋል፤ የእህሉንና የነቀዙን ጠባይ የሚያውቅ የግብርና ተማሪ ያስፈልጋል፤ የወጣው ገንዘብ በስንት ዓመት እንደሚመለስ የሚያሰላ የሒሳብ አያያዝ ተማሪም ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው። ሆኖም ሎሚው ከተሸካሚው ይልቅ ባለቤት ይፈልጋል፤ እርሱም ችግሩን በየቀኑ የሚያየው ነጋዴ ነው።

ተማሪዎች በኅብረት የነደፉት ነገር ከወረቀት አልፎ ቤት ሊሆን እንደሚችል ማስረጃው እሩቅ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ትምህርት ቤት ወራሽ በሆነው በአዲስ አበባው የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የስዊስ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ካገሩ አፈር ሠርተዋል። በአሜሪካም በአላባማ ግዛት የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኪነ ሕንፃ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር እየላከ ለድኾች ቤት እንዲነድፉና በእጃቸው እንዲሠሩ አድርጓል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው ሥራውን ጠንቅቆ የያዘው ስሕተቱን ዝናብና ነፋስ እንደሚገልጡበት ስላወቀ ነው።

«ልምድ ለሌለው ልጅ ንብረቴን እንዴት አምናለሁ?» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ንድፉ በመምህር ይታያል፤ ከመሠራቱም በፊት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መርምሮ ሊፈርምበት ይገባል። ነጋዴው በመጀመሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን እውነተኛ ቁጥር ነው፤ ይኸውም የመጋዘኑ ስፋት፣ በየወሩ የገባውና የወጣው ኩንታል፣ የተበላሸውም መጠን ነው። «የንግድ ምስጢሬ ይወጣል» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ የዋጋውንና የደንበኛውን መዝገብ ዘግቶ የመጋዘኑን መዝገብ ብቻ መክፈት ይችላል። የተበላሸውን እህል መዝግቦ የማያውቅ ከሆነ ግን ጕድለቱ ከተማሪው ዘንድ አይደለም።

ተማሪውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በኅብረት ሥራ ውስጥ አንዱ ሲደክም ሌላው ስሙን ብቻ አስጽፎ ማርክ የሚካፈልበት ልማድ በንግድ ሽርክና ቢሆን ኖሮ ሸሪኮችን በዳኛ ፊት ያቆማቸው ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሥራ በጽሑፍ ተለይቶ ቢታወቅ፣ ነጋዴውም ንድፉ ሲቀርብ ተገኝቶ እንዲጠይቅ ቢጋበዝ፣ ሰነፉ ከትጉው ይለያል፤ ትጉውም ከመመረቁ በፊት ስሙን በገበያ ያስመዘግባል።

እንግዲህ የሚበጀው ይህ ነው፦ የሮቤና የጎባ ነጋዴዎች ከመስከረም በፊት የየራሳቸውን ችግር ባንድ ገጽ ጽፈው ለንግድ ምክር ቤታቸው ይስጡ፤ ምክር ቤቱም በአንድ መዝገብ አሰባስቦ ለዩኒቨርሲቲው ያቅርብ፤ ከተመረጡት መካከል አንዱ ንድፍ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ በነጋዴዎች መዋጮ ይሠራ። አንድ መጋዘን ተሠርቶ እህሉ ሳይሻግት አንድ ክረምት ካለፈ፣ ጎረቤቱ ሳይሰበክ ይከተላል። ይህ ካልሆነ ግን ንድፉ በመደርደሪያ፣ ስንዴውም በመጋዘን፣ ሁለቱም በየቦታቸው ሲበላሹ ይኖራሉ።