ሮም የሄደ ቤተሰብ ምን አይቶ መጣ?

መቼም የዘመኑን የቤተሰብ ጉዞ የሚያቅደው አባት አይደለም፤ እናትም አይደለችም። ዕቅዱ የሚወድቀው እኛ ላይ ነው፤ "አንቺ ኢንተርኔት ትችያለሽ"፣ "አንተ እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው" ተብለን የቤቱ የጉዞ ሚኒስትር ሆነን በተሾምነው ላይ። ከዋሽንግተን የሚመጣው አጎት በመንገዱ ሮም ላይ ሦስት ቀን ማረፍ ፈልጓል። ፍራንክፈርት ያለችው አክስት ልጆቿ ትምህርት ሲዘጉ "ጳጳሱን እናሳያቸዋለን" ብላለች። እዚህ ያለው ጎረቤትም ዕድሜ ልኩን ያጠራቀማትን ይዞ ሚስቱንና ልጆቹን አንድ ጊዜ አውሮፓ ሊያስረግጥ አስቧል። ስልኩ የሚደወለው ለእኛ ነው።

እኛስ ምን እናወጣለን? ቀን አንድ፦ ኮሎሲየም፣ ፎቶ፣ ፒሳ። ቀን ሁለት፦ ቫቲካን፣ ፎቶ፣ ፓስታ። ቀን ሦስት፦ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ሳንቲም ውርወራ፣ ጄላቲ፣ ገበያ፣ ኤርፖርት። አለቀ!

ይህ ዕቅድ ለጃፓን ቤተሰብ ይበቃል። ለብራዚል ቤተሰብም ይበቃል። ለሐበሻ ቤተሰብ ግን አይበቃም። የዛሬው ጠባችን ከዚህ ዕቅድ ጋር ነው። ሮም ስለ እኛ ብዙ የጻፈች ከተማ ናት፤ በአደባባይ ስም፣ በመንገድ ስም፣ በድንጋይ። የጻፈችው ግን በራሷ አፍ ነው። እዚያ የወሰድነው ልጅ የእኛን አፍ ከእኛ ካልሰማ ከማን ይሰማል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።)

ከባቡር ጣቢያው እንጀምር። ከኤርፖርት በባቡር የመጣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ቴርሚኒ ነው። ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ የሚረግጠው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች! አዎ፣ የራስ አሉላ ስም ከሮም በር ላይ ይጀምራል፤ የሚነግረን አጥተን ነው እንጂ።

ከአደባባዩ ጥቂት ራቅ ብሎ ለነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ሐውልት አለ። ድንጋዩ የግብፅ ነው፤ በራምሴስ 2ኛ ዘመን የተጠረበ። አስቡት እንግዲህ፤ ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ፣ አፍሪካን ሊይዝ ሄዶ ለሞተ ወታደር መታሰቢያ ሆነ። በዚህም አልበቃ። በ1937 ከአዲስ አበባ ለገሃር የተነቀለው የይሁዳ አንበሳ እዚሁ ሐውልት ሥር እንደ ምርኮ ተቀመጠ። በ1938 የኤርትራው ተወላጅ ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ተይዞ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘጋበት፤ በ1945 አገሩን ሳያይ እዚያው አረፈ። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ አገሩ ገባ።

የዘርዓይ ደረስን ስም የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ግን ስንት ቤተሰብ ነው በዚያ ሐውልት አጠገብ ሻንጣውን እየጎተተ "ሆቴሉ በየት በኩል ነው?" እያለ ያለፈው? "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይሉ ነበር አባቶቻችን። ሮም ላይ ተረቱ ተገልብጧል፤ የወጋው በድንጋይ ጽፎ አስቀምጧል፣ የተወጋው የልጅ ልጅ ከድንጋዩ ሥር ጄላቲውን ይልሳል።

ከቴርሚኒ በምድር ውስጥ ባቡር በቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ስትወጡ የምታዩት ግዙፍ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬ ስለ ዓለም ረሃብ የሚመከርበት ይህ ሕንፃ በሙሶሊኒ ዘመን የታሰበው ቅኝ ግዛቶችን ለሚያስተዳድረው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተዘርፎ እዚህ ፊት ለፊት የተተከለውም ለዚሁ ነው። በ1947ቱ የሰላም ስምምነት ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። 18 ወሩ 58 ዓመት ፈጀ! በ2002 መብረቅ መታው፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ።

የነበረበት ቦታ ላይ በ2009 ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፤ በሴፕቴምበር 11 አሜሪካ ውስጥ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ። ለሟች መታሰቢያ መቆሙን አንቃወምም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን ልጃችሁ ዓምዶቹን አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ቢላችሁ፣ የዚያ ቦታ ታሪክ የሚጀምረው ከኒውዮርክ ሳይሆን ከአክሱም መሆኑን የሚነግረው ማን ነው? እናንተ ናችሁ፤ ያውም በዕቅዱ ውስጥ ቦታው ካለ።

"ለዕረፍት ሄደን ለቅሶ ልንቀመጥ ነው እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ ቆይ። ከዚያው ቦታ ሳትርቁ ፋኦን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የሚባለውን መንገድ ተከተሉ። በእግር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የሚያወጣችሁ ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ላይ ነው፤ ኮሎሲየም ከጎኑ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የገባው እዚህ ቅስት ሥር ነው፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻው የተናነቀው ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ተቀደመ። አበበ ጥሎት የሄደው የት ላይ ይመስላችኋል? ከአክሱም ሐውልት አካባቢ! ሙሶሊኒ ከፒያሳ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ሆኖ ኢምፓየሩን ካወጀ 24 ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። በ2010 ሲራጅ ገና የሮምን ማራቶን ሲያሸንፍ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የገባውም ይህን ሊዘክር ነው።

ታዲያ ይህን መንገድ ከልጅ ጋር በእግር ከመሄድ የበለጠ ምን መዝናኛ አለ? ፈለጋችሁ አሯሩጧቸው። ቲኬት የለው፣ ሰልፍ የለው! ግን ከመቶ ዕቅድ ውስጥ አንዱ ላይ እንኳ ብታገኙት ንገሩን። ሁሉም ኮሎሲየም በር ላይ ተሰልፎ ቅስቱን የፎቶ ጀርባ ያደርገዋል።

ቫቲካንም ያው ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ "የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ" ማለት ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእግራቸውና በመርከብ የመጡ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያረፉበት ቤት ነው። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 የታተመው ሮም ነው። እዚያው ቤት ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። ዛሬ በስልካችን "ሃይ፣ የት ናችሁ?" ብለን የምንጽፍበት ፊደል ከብራና ወደ ማተሚያ መኪና የተሻገረው በዚህች ከተማ ነው! ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ጴጥሮስ አደባባይ ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ግን ጉልላቱን ለልጅ ሲያሳዩ "ከጀርባው የእኛ ሰዎች ቤት አለ" ለማለት ፈቃድ አያስፈልግም። የሮምና የእኛ ነገር በጦርነት ብቻ እንዳልተጀመረም የሚያውቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ።

"ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ የጦርነት ወሬ ይከብዳቸዋል" ትላለች አክስታችን። አክስቴ ትሙት! ኮሎሲየም ምን ይደረግበት የነበረ ቦታ ነው? ሰው ለአውሬ የሚሰጥበት አይደለም እንዴ? አንበሳ ሰው ሲበላ ሕዝብ ያጨበጭብበት የነበረውን ቦታ በቲኬት እናስጎበኛቸዋለን፤ ተሰርቆ ሄዶ የተመለሰው የራሳችን አንበሳ ታሪክ ግን "ይከብዳቸዋል"! አይከብዳቸውም። ልጅ የሚወደው እንዲህ ያለውን ተረት የሚመስል እውነት ነው።

"ቂም ማስተማር ምን ይጠቅማል?" ይላል አጎታችን። ማን ቂም አለ? ፓስታ የሚያቀርበው አስተናጋጅ ግራዚያኒ አይደለም፤ ፈገግ በሉለት፣ ጉርሻም ስጡት። ማወቅ ሌላ፣ ቂም ሌላ። እንዲያውም ጣሊያኖቹ ራሳቸው እየተከራከሩበት ነው። ከላተራኖ ወረድ የሚል ቪያ ዴል አምባ አራዳም የሚባል መንገድ አለ፤ የእኛው አምባ አራዶም ነው፤ በ1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተፈጀበት። ከዚያ ስም የወጣው "አምባራዳን" የሚለው ቃል ዛሬ በጣሊያንኛ "ዝብርቅርቅ፣ ትርምስ" ማለት ነው። የሰው እልቂት የቀልድ ቃል ሆኖ ቀረ! በአካባቢው ሊከፈት የነበረው የባቡር ጣቢያ በዚህ ስም እንዳይጠራ ጥያቄ ተነሳ፤ በ2020 የሮም ምክር ቤት ከሶማሊያዊት እናት ተወልዶ ከናዚዎች ጋር ሲዋጋ በወደቀው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ድምፅ ሰጠ። በመጨረሻ ግን ጣቢያው ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። የጣሊያን ወጣት ተሰልፎ የተከራከረበትን ስም የእኛ ልጅ እንደ ማንኛውም ታፔላ አንብቦ ካለፈ፣ አፈሩ የማን ነው?

"ጊዜ የለንም" የሚለው ሦስተኛው ነው። ቴርሚኒን ከመጣችሁበት ጀምሮ ቁጠሩት፤ የዶጋሊው ሐውልት መንገዳችሁ ላይ ነው፣ የአክሱሙ ቦታ ከኮሎሲየም አንድ ፌርማታ ነው፣ የአበበ መንገድ የሁለቱ መገናኛ ነው። ግማሽ ቀን አይሞላም። ወጪው የባቡር ቲኬት ብቻ!

ስለ ወጪ ካነሳን ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚነሳውን ጎረቤታችንን አንርሳው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወሰነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ከለከለ። በዚያው ዓመት የማመልከቻው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሆነ። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች 270 ዩሮ፤ ቢከለከሉም የማይመለስ። ይህን ሁሉ ከፍሎ፣ የባንክ ደብተሩን ገልጦ፣ "እመለሳለሁ" ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሮም የገባ ሰው፣ ማንም የሚያየውን ብቻ አይቶ ይመለስ? በአንዴ መግቢያ ቪዛ የገባ ሰው እኮ "በሚቀጥለው አየዋለሁ" አይልም!

ስለዚህ እናንተ የየቤታችሁ የጉዞ ሚኒስትሮች ስሙን። ኮሎሲየሙን አትሰርዙ። ትሬቪም ሳንቲማቸውን ይወርውሩ፤ ለድሆች መርጃ ነው የሚሄደው። ጄላቲውም ይላስ። ግን ቀን አንድ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ፦ የአምስት መቶዎቹ ሐውልት፣ የአክሱም ቦታ፣ የአበበ መንገድ። ቀን ሁለት ላይ አንድ መስመር፦ የሐበሾች እስጢፋኖስ። በየመስመሩ ሥር ደግሞ አባትየው ለልጆቹ የሚያነበው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት፤ አባቶች ባላወቁት ነገር ላይ መጠየቅ አይወዱምና።

ልጁ አሜሪካ ይደግ ጀርመን፣ አዲስ አበባ ይደግ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት "ሮም ሄደህ ምን አየህ?" መባሉ አይቀርም። "ትልልቅ ድንጋይ አየሁ" ካለ ገንዘቡ ቀልጧል። "አንዱ ድንጋይ የእኛ ነበር፤ አስመለስነው" ካለ ግን፣ ያን ዕቅድ የጻፈው እጅ ይባረክ።

ቸር እንሰንብት!