የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌሮች የደኅንነት ክፍተት እና የጋራ ኮምፒውተሮች ስጋት

በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ አካባቢ በሚገኙ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ኮምፒውተር በቀን የብዙ ሰዎችን ጉዳይ ያስተናግዳል። ውል፣ የሥራ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ለፋይሎች የሚያሰጋው ከሩቅ የሚሰነዘር ጥቃት ብቻ አይደለም።

የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ክፍተቶችን በኔትወርክ ከርቀት የሚፈጸሙ እና ማሽኑን አስቀድሞ መጠቀም በቻለ ሰው የሚፈጸሙ ብለው ይለያሉ። ሁለተኞቹ ብዙ ጊዜ ቀለል ተደርገው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ የጋራ በሆነበት ቤት ይህ ቅድመ ሁኔታ የተሟላ ነው።

ፋይል የሚያስጠፋ ክፍተት አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይሉን ሊሰርዝ ሲል፣ ሌላ ተጠቃሚ በቦታው ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ይተካል። ፕሮግራሙም ሳያውቅ የሌላውን ሰነድ ያጠፋል።

የጽሑፍ ማዘጋጃዎች ከመሰል ችግር ነፃ አይደሉም። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ናኖ በድንገት ሲቋረጥ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ ለማዳን የአደጋ ጊዜ ፋይል ይፈጥራል። እ.ኤ.አ በ2024 ይፋ የሆነው ክፍተት አጥቂ በዚያች ቅጽበት አቋራጭ ተክቶ የማይገባውን ሥልጣን እንዲያገኝ ዕድል የሚሰጥ ነበር፤ በ8.0 እትም ታርሟል። እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ 8.8.1 መጫኛ ላይ ተቀራራቢ ክፍተት ተገኝቷል። መጫኛው ባለበት ፎልደር የተቀመጠ ተንኮል አዘል ፋይል በከፍተኛ ሥልጣን ሊሠራ ይችል ነበር፤ እርማቱ በ8.8.2 ወጥቷል።

እርማቱን መጫን ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ሠራተኛውም ደንበኛውም በአንድ የአስተዳዳሪ አካውንት የሚገቡ ከሆነ፣ ፋይል ለማጥፋት የሶፍትዌር ክፍተት መፈለግ አያስፈልግም፤ በሩ አስቀድሞ ክፍት ነው።

ጉዳዩ የተጠያቂነትም ጥያቄ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ዳታን ሆን ብሎ መሰረዝን በወንጀል ያስቀጣል። ሁሉም በአንድ ስም በሚጠቀሙበት ማሽን ላይ ግን የኮምፒውተሩ መዝገብ የሚያሳየው ያንኑ አንድ ስም ነው። ሰነዱ የጠፋበት ደንበኛ ማን እንዳጠፋው ለማስረዳት ይቸገራል፤ ጥፋት የሌለበት ሠራተኛም ሊጠረጠር ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን አካውንት መክፈት፣ ለደንበኞች ውስን መብት ያለው አካውንት ማዘጋጀት፣ የአስተዳዳሪን የይለፍ ቃል በኃላፊው እጅ ብቻ ማቆየት ተገቢ ነው። ሶፍትዌርን ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ ይልቅ ከአምራቹ ገጽ ማውረድና በየጊዜው ማዘመንም እንዲሁ። አስፈላጊ ሰነዶች ደግሞ ከማሽኑ ውጭ መጠባበቂያ ቅጂ ሊኖራቸው ይገባል። ክፍተት ነገም ሊገኝ ይችላል፤ ቅጂ ያለው ሰነድ ግን ቢሰረዝም ይመለሳል።