አየራችንን የሚለካልን ማነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ባንዲራ አልጽፍም። ስለምንተነፍሰው ነገር ነው።

እስኪ ስልካችሁን አውጡና የነገሌ ቦረናን የአየር ሁኔታ ፈልጉ። ሙቀቱን ይነግራችኋል። ዝናብ ይኑር አይኑር ይነግራችኋል። አየሩ ምን ያህል ጭስና ብናኝ እንዳለበትስ? ምናልባት ከሳተላይት የተገመተ ቁጥር ታገኙ ይሆናል። ከተማው ውስጥ ቆሞ የሚለካ መሣሪያ ግን እኔ ባደግኩበት ነገሌ አይቼ አላውቅም። ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ዶሎ ኦዶ ያላችሁ ካያችሁ ኮመንት ላይ ንገሩኝ።

መለኪያው ባይኖርም ጭሱ አለ። አመሻሽ ላይ በየግቢው ከሰል ይቀጣጠላል። ቆሻሻ የሚያነሳ ሲጠፋ ፌስታሉም የውሃ ላስቲኩም ተሰብስቦ እዚያው ይቃጠላል። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ቀዩ አቧራ ሱቁንም ሻይ ቤቱንም ያለብሳል። ዝናብ ሲቀር ደግሞ ይብሳል፤ ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀርብን ያየ ሰው አያስረዱትም።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው በማገዶና በከሰል ነው። በጋ ሲገባ ሳሏ ይነሳባታል። ሐኪም ጋ ስንሄድ «ብርድ ነው» ተብለን ሽሮፕ ይዘን እንመለሳለን። «ቤት ውስጥ በምንድነው የምታበስሉት?» ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ከ10 ኢትዮጵያዊ ወደ 9 የሚሆነው እንደሷ በማገዶ፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው የሚያበስለው። ስለዚህ የኔ እናት ብቻ አይደለችም፣ የናንተም ናት።

የወተት ዕቃ በወይራ ማጠን ባህላችን ነው፣ ተዉት የሚል የለም። ጭስ በሞላው ቤት ሕፃን አዝሎ ቀኑን ሙሉ ማብሰል ግን ባህል አይደለም። አማራጭ ማጣት ነው።

ገዳዩ ብናኝ በዓይን አይታይም። ከፀጉራችሁ ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው። ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ብቻ በዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለ ዕድሜው ይሞታል። ጭስ ባለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። አሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የአየር መለኪያ ተክሎ ነበር። ለኛ ብሎ ሳይሆን ለገዛ ሠራተኞቹ ነው። ቁጥሩን ክፍት ስላደረገው ግን የኛም ተመራማሪዎች ይጠቀሙበት ነበር። የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ ዋሽንግተን የበጀት ምክንያት ሰጥታ በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቿ የሚመጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመች። በቃ። የነሱ ማሽን ነው፣ መብታቸው ነው።

እኛ ግን ሉዓላዊነት እያልን እንፎክራለን አይደል? የሚተነፍሰውን አየር የባዕድ ኤምባሲ እንዲለካለት የሚጠብቅ አገር ምን ዓይነት ሉዓላዊነት አለው? ይሄ በአዲስ አበባ ነው። ነገሌማ መጀመሪያውኑ ከቁጥር አልገባም።

«ሕግ የለንም» እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። ያጣነው ለሕዝብ የሚነገር ግብ፣ ቀነ ገደብና መለኪያ ነው።

መለኪያ ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ አንድ እውነተኛ ታሪክ ስሙ። ለንደን ውስጥ ትልቅ መንገድ አጠገብ የምትኖር የ9 ዓመት ሕፃን በ2013 (እ.ኤ.አ.) በአስም ሞተች። እናቷ አልተኛችም፣ ዓመታት ተከራከረች። በ2020 የአሟሟት መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋፅኦ እንዳደረገ ወሰነ። እንዴት ተረጋገጠ? ከቤቷ ብዙ ሳይርቅ መለኪያ ቆሞ ስለነበረ ነው። ነገሌ ላይ ያች ልጅ ብትሞት ምን ይባላል? «ብርድ ነው።»

ከሩቅ መሄድ ካልፈለጋችሁ ሻኪሶን አስታውሱ። ግንቦት 2010 የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። እዚያ ቅሬታው በዋናነት ስለ ውሃና አፈር ነበር፣ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቁጥር ከሌለ ክርክሩ «አሞናል» እና «አላሳመምናችሁም» ሆኖ ይቀራል። እዚያ ክርክር ላይ ደሃ አያሸንፍም።

«ሰው እየራበው ስለ አየር ታወራለህ?» የሚል ይመጣል፣ አውቃለሁ። እኔም ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ የሥራን ጉዳይ አትንገሩኝ። ግን አስቡት፣ የታመመ ሳንባ ይዞ የሚሠራ ማን ነው? ደግሞስ አነስተኛው መለኪያ ከሁለትና ሦስት መቶ ዶላር አይበልጥም። እንደ ትልቁ ማሽን ትክክል አይሆንም፣ ከጭለማ ግን ይሻላል። ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተምሮ ጀበና ቡና አጠገብ የሚውል ወጣት በየከተማው ሞልቷል። እሱ ያንብበው፣ እሱ ይመዝግበው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ፣ ቁጥርና ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት የመጨረሻ ግብ በዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። በአንድ ጀምበር እዚያ ይደረስ የሚል የለም፤ ድርጅቱ ራሱ 35፣ 25፣ 15፣ 10 እያለ መውረጃ ደረጃ ሠርቷል። እንግሊዝ በ2040 (እ.ኤ.አ.) 10 ላይ እደርሳለሁ ብላ በሕግ አስራዋለች። እኛስ መቼ፣ ስንት?

2ኛ፣ መለኪያው አዲስ አበባ ላይ አይቁም። ነገሌም ሞያሌም ኢትዮጵያ ነው። የሚገኘው ቁጥርም ቢሮ ውስጥ ሳይቆለፍ ለሕዝብ ይለጠፍ።

3ኛ፣ ግቡ የመንገዱን አየር ብቻ ሳይሆን የእናቶቻችንንም ማጀት ይቁጠር።

የኛም ድርሻ አለ። ጎማና ፌስታል እያቃጠልን አገር እንወዳለን አንበል። ደግሞ አዋጁ አንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው፣ እኔ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካይ ላይ አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይሄን መብት ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ሼር አድርጉት። ከሼር በላይ ግን የሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የከተማችን አየር ስንት ነው?» መልስ ከሌላቸው፣ እስኪኖራቸው ድረስ በየስብሰባው ጠይቁ።