ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ

ብቻዋን መኪና እየነዳች አገር ልታይ የወጣች ሴት በደረሰችበት ሁሉ የምትጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብቻሽን ነሽ?» ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ ይጠይቃል፣ ሽሮ ያቀረበችው ባለ ምግብ ቤት ትጠይቃለች፣ የኬላው ፖሊስም ይጠይቃል። ክፋት የለበትም። በእኛ ዘንድ ሰው ብቻውን መንገድ የሚወጣው ወይ ከፍቶት ወይ መርዶ ደርሶት ነው። ሻሸመኔን አልፌ ወደ ባሌ ስታጠፍ፣ ኬላ ላይ ዕቃዬን የፈተሸው ወጣት ፖሊስ የተጠቀለለውን ድንኳን ሁለቴ ገለባብጦ አየውና «ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለኝ። የማድርበት ነው አልኩት። «ቤት የለሽም እንዴ እህቴ?» ብሎ እየሳቀ አሳለፈኝ።

ድንኳን ተክሎ ማደር የፈረንጅ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከፖሊሱ አልፎ ቅርስና ፓርክ በሚመሩ ሰዎች ዘንድም ያለ ይመስለኛል። ከየት እንዳመጣነው ግን አይገባኝም። ፋሲል ጎንደርን እስኪቆረቁር ድረስ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ከነሠራዊታቸው በድንኳን ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬም በከተራ ሌሊት ታቦቱ ድንኳን ውስጥ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ሜዳ ላይ ያድራል። መስከረም 21 ግሸን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣው ምእመን ጋቢውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ያነጋል። ኡሌ የሚባለውን በትር ይዞ ከአርሲና ከሐረርጌ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግሩ የሚጓዘውም እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ አሮጊቶቹ የት ጋ እንደሚያርፉ፣ ስንቅ ያለቀበት ምን እንደሚቀምስ ከጥንት ጀምሮ የታሰበበት ነው። እንግዳ እንደሚመሽበት ይታወቃል። የቅርስ ቦታዎቻችን ጋ ስንመጣ ግን ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ጠባቂው ቁልፉን ያዞራል፤ ከዚያ ወዲያ ጎብኚው የት እንደሚገባ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጢያን ያየ ሰው ይፍረደኝ። በእኩለ ቀን የደረሰ ሰው የሚያየው ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የተቀረጸው ሁሉ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ይመሳሰላል። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅና ብርሃኑ ከጎን ሲመታቸው ጎራዴዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ወደ ላይ፣ ጫፋቸው ወደ ታች። አንዱ ድንጋይ ላይ ጎራዴዎቹን ስቆጥር ጥላው ረዝሞ አዲስ መስመር አሳየኝና እንደገና ጀመርኩ። ያን የመሰለ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተጭኖ የሚመጣው ጎብኚ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሳይመሽበት ለመግባት መንገድ ጀምሯል። ከእ.ኤ.አ. 1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበን የመቃብር ስፍራ አብዛኞቻችን ያየነው በማይታይበት ሰዓት ነው።

ወደ ጢያ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ መልካ ቁንጡሬ አለ። አዋሽ ዳር የጥንት ሰዎች ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ የሠሩበት፣ ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የሕፃናት ዱካ የተገኘበት ቦታ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ነገር እንዳገኘን ልብ ብላችኋል? በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ሐምሌ ላይ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። በቴሌቪዥን ጭብጨባው ደማቅ ነበር። ከጭብጨባው በኋላ ለሚመጣው ሰው አንድ የውሃ ቧንቧ ማን ያስገባል የሚለው ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

በዚህ ጉዞ አንድ የቅርስ ቦታ ላይ መሸብኝ። ስሙን አልጠራም፤ የሌሎቹም ታሪክ ተመሳሳይ ነውና። ከአጥሩ ውጭ ባለው ሣር ላይ ድንኳኔን ልትከል ብዬ ጠባቂውን ጠየቅኩ።

«ደብዳቤ አለሽ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ከወረዳ።»

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ወረዳው ከተዘጋ ቆይቷል። እሺ ሽንት ቤት ልጠቀም አልኩት። እሱም ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል። ጠባቂው ራሱ አፈረ። ትንሽ ካሰበ በኋላ «ነይ እስቲ» ብሎ እህቱ ቤት ወሰደኝና ግቢዋ ውስጥ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ተከልኩ። እህትየው ቡና አፍልታ፣ ቆሎ ቆልታ፣ ጠዋት ገንዘብ ባወጣ ተቆጣችኝ። «ቤት ለእንግዳ ነው፤ ምን ነካሽ?» አለች። ብሩን በስንት ልመና ለትንሿ ልጇ ደብተር መግዣ ብዬ አስያዝኳት።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ደግነታችን ለመመጻደቅ አይደለም። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ይሄው ደግነት ነው። የመንግሥት ተቋም የጎደለውን በየቀኑ የሚሞላው አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ጠባቂና እህቱ ናቸው። ጠባቂው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያ ሌሊት ምን እሆን ነበር? በሌላ በኩል ደግሞ ለእኔ ያደረገውን አለቃው ቢሰማ ማን ያውቃል፣ ያለ ደብዳቤ ሰው አሳደርክ ተብሎ ይጠየቅበት ይሆናል።

የጸጥታው ነገር ይጠፋኛል ብላችሁ አታስቡ። ላሊበላንና ሰሜን ተራሮችን በመኪና ለማየት የነበረኝን ሐሳብ ትቼ መኪናዬን ወደ ደቡብ ያዞርኩት በሱው ምክንያት ነው። ጠባቂው የማያውቀውን ሰው ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ነገር ግን ለጸጥታም ቢሆን የሚሻለው የታወቀ ማደሪያ ነው። መታወቂያ ታይቶ፣ ስም ተመዝግቦ፣ ሰሌዳ ቁጥር ተይዞ የሚታደርበት ቦታ ሲኖር ማን የት እንዳደረ ይታወቃል። ሌላው አማራጭ እንደ እኔ ጭድ ሥር መደበቅ ነው።

እንደሚቻል ደግሞ ዲንሾ ላይ አይቻለሁ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት በዚያ ጥዱና ኮሶው መሀል ድንኳን መትከያ አለ። ተመዝግበህ ትከፍላለህ፣ ትተክላለህ፤ በቃ። የደጋ አጋዘኑ ሰው ለምዶ እዚያው ይግጣል፤ ከርከሮዎቹ ተንበርክከው ሣር ሲነጩ ድንኳን ውስጥ ሆኖ የጥርሳቸው ድምፅ ይሰማል። የጥር ብርድ ግን አይቻልም፤ ጠዋት የድንኳኑ ዚፕ በበረዶ ተጣብቆ በእስትንፋሴ አሙቄ ነው የከፈትኩት። ካፖርት የለበሱት ሽማግሌ ስካውት «ልጄ፣ ምግብ ውጭ አታሳድሪ» ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበርና የጅቡ ድምፅ ሲቀርብ አልደነገጥኩም። በማግሥቱ ቀይ ቀበሮን ስለሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ለመራባት የደረሱት ቀበሮዎች በመላ አገሪቱ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው እዚሁ ባሌ ነው። በሽታው የሚገባው ደግሞ ከሰው ጋር ከሚወጣ ውሻ ነው። ይህን በሁለት ሰዓት ጉብኝት ማን ይነግራችኋል? አዳሪ ጎብኚ ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ገንዘብም ይተዋል። እኔ እንኳ እንቁላል፣ ወተትና የባሕር ዛፍ ማገዶ ከሰፈሩ ገዝቻለሁ፤ ፈረስም ተከራይቻለሁ።

በቅርብ ዓመታት በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ላይ የተሠሩት ሎጆች ያምራሉ፤ አልቃወምም። ግን አስተማሪ ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ የባንክ ተቀጣሪ ነኝ የሚል ሰው ቤተሰቡን ይዞ እዚያ የሚያድረው በስንት ዓመት አንዴ ነው? አገሩን እንዲያውቅ በየስብሰባው የሚመከረው ደግሞ ይኸው ሰው ነው።

እኛም ጎብኚዎቹ ንጹሕ አይደለንም። ከጎባ ወደ ሳነቲ በሚያወጣው መንገድ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ፣ ጅብራው በተተከለበት ሜዳ ላይ ሃይላንድ ተበታትኗል። ፊቴ ይሄድ ከነበረው መኪና መስኮት አንዱ ሲወረወር በዓይኔ አየሁ፤ ወርዶ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጠ። ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ነው እንዳንል ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ ማን መጣያ ይተክልልን? ይዘነው የወጣነውን ይዘነው መውረድ ነው እንጂ።

ሎጅ ሥሩልን እያልኩ አይደለም። በየቅርስ ቦታው በር ላይ የመግቢያ ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ የአገር ውስጥ ጎብኚ፣ የውጭ ጎብኚ፣ የቪዲዮ ካሜራ እያለ የሚዘረዝር። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች እዚያ ሥር አንድ መስመር ቢጨምሩ ይበቃኛል፤ «ድንኳን፣ ለአንድ ሌሊት» ብለው ዋጋውን ይጻፉ። ደልዳላ መሬት፣ ውሃ፣ ቁልፉ ለቅሶ የማይሄድ ሽንት ቤት፣ ለማታው ተረኛም ተገቢ አበል። ገንዘቡን እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ይሰጠኝ።