አጋምና ኮሽም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው አነጋገር ለአጋም መልካም ስም አላተረፈለትም። እሾሁ ቁልቋሉን ይወጋዋል፤ ቁልቋሉም ነጭ ወተቱን ሲያንጠባጥብ ይኖራል። ይሁን እንጂ ይኸው እሾሃም ቁጥቋጦ በጋ ከክረምት ለምልሞ አጥር የሚሆን፣ አበባው ለንብ የሚበጅ፣ ፍሬውም ጠቁሮ ሲበስል እረኞች የሚሻሙበት ተክል መሆኑን በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በአገራችን እንደ አጋም ያሉ የዱር ፍራፍሬዎች ጥቂት አይደሉም። በደጋና በወይና ደጋ ኮሽም፣ ቀጋና እንጆሪ፤ በወይና ደጋ ዶቅማና እሸ፤ በቆላ ቁርቁራ፣ እንኮይና ሮቃ ይገኛሉ። ዝናብ በጠፋባቸውና እህል ባልተገኘባቸው ዓመታት ብዙ ቤተሰብ ከእነዚህ ፍሬዎች ጥቂቱን እየለቀመ ቀን ገፍቷል። ዛሬ ግን ቁጥቋጦው ለእርሻና ለማገዶ እየተመነጠረ በመሄዱ፣ ተክሎቹ በብዙ ቦታ የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገደል አፋፍና በማሳ ወሰን ላይ ብቻ ነው።

የኤክስቴንሽን ሥራችን ለገበሬው ማንጎ፣ አቮካዶና አፕል ሲያከፋፍል ቆይቷል። ይህን የሚቃወም የለም። ጥያቄው አጋምና ኮሽም በዕቅዱ ውስጥ ለምን ቦታ አጡ የሚለው ነው። ባለሙያው ሪፖርት የሚያደርገው የተከፋፈለውን ችግኝ ብዛት ስለሆነ፣ ችግኝ ጣቢያውም በብዛትና በቶሎ የሚደርሰውን ብቻ ያፈላል። (በሁለተኛው ዓመት ስንቱ በሕይወት እንዳለ የሚጠይቅ ቅጽ ቢኖር ኖሮ የብዙዎቻችን ሪፖርት ባጠረ ነበር።) በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የዱር ፍራፍሬን ጉዳይ ለችግኝ ጣቢያ ትቶ መጠበቅ አያዋጣም። ሥራው መጀመር ያለበት በጓሮ ነው፤ መስፋፋትም ያለበት ጎረቤት ለጎረቤት ሲሰጥ ነው። የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ ይህን መለዋወጥ ማመቻቸት ነው።

አንዳንድ ገበሬዎች «ጫካው በነፃ የሚሰጠውን ለምን እተክላለሁ?» ይላሉ። አባባሉ ጫካው ባለበት ቦታ እውነት ነበር። ሴቶችና ልጆች ዛሬ ፍሬ ለመልቀም ምን ያህል መንገድ እንደሚሄዱ የልማት ሠራተኛው በየቤቱ ቢጠይቅ መልሱን ያገኘዋል። የእሾሁ ስጋት ግን ተገቢ ነው። አጋምና ኮሽም በግቢው ዳር እንጂ ልጆች በሚሯሯጡበት ደጃፍ አይተከሉም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ኮሽም ነው። ኮሽም ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው። አንዲት ባልቴት ከጎረቤታቸው አንድ የኮሽም ችግኝ ተቀብለው ዓመታት ቢንከባከቡና ፍሬ ቢያጡ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ወይም የመሬቱ ላይሆን ይችላል። ችግኙ ወንድ ከሆነ ፍሬ አይሰጥም፤ ሴት ሆኖም በአቅራቢያው ወንድ ከሌለ በአብዛኛው ያው ነው። ችግኙ ሳያብብ ደግሞ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ኮሽም የሚሰጥ ሰው አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት ችግኝ ይስጥ፤ ወይም በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች አንድ ላይ ይትከሉ። ፍሬዋ መልካም የሆነች ሴት ኮሽም ከተገኘች፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፏን ወደ መሬት አጉብጦ፣ አፈር አልብሶ፣ ሥር ሲያወጣ ቆርጦ መውሰድ ይቻላል። እንዲህ የተገኘው ተክል እንደ እናቱ ሴት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር መታወቅ አለበት። በከተማ ግቢዎች «ኮሽም» እየተባለ በአጥርነት ከሚታየው ብዙው ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣ ዘመዱ ነው። ፍሬው ይበላል፤ አጥርነቱም መልካም ነው። ነገር ግን የአገሩን ኮሽም አተረፍን ብሎ የውጭውን ማባዛት ራስን ማታለል ነው። የእኛው ኮሽም በአሜሪካ ፍሎሪዳ ከሲሎን ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ ለጓሮ ፍራፍሬነት ሲበቃ፣ እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ማገዶ መሆኑ ያሳዝናል።

አጋም ከዚህ ይቀላል። በሚገባ የበሰለውን ፍሬ ጨፍልቆ፣ ዘሩን በውሃ አጥቦ፣ በጥላ አጠፍፎ ብዙ ሳይቆዩ መዝራት ነው። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ የተቀላቀለበት የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃዋል። ለአጥር ሲተከል በየ50 ሳንቲ ሜትሩ፣ ለፍሬ ሲታሰብ ግን ሰፋ ተደርጎ ይተከላል። የዶቅማ ዘር መድረቅን አይችልም፤ ፍሬው በተለቀመ ሰሞን ካልተዘራ ይሞታል። የዶቅማን ዘር በጆንያ ቋጥሮ ለመጪው ዓመት ማስቀመጥ ድካም ብቻ ነው። እንኮይ ደግሞ ሥሩን በጎረቤቱ ተክል ሥር ላይ አጣብቆ ከፊል ምግቡን የሚያገኝ በመሆኑ፣ ብቻውን በከረጢት ከማሳደግ ይልቅ ዘሩን በቋሚ ቦታው፣ ከሌላ ቁጥቋጦ አጠገብ መዝራት ይሻላል።

አንዳንድ የልማት ሠራተኞች ገበሬውን ከጫካ ችግኝ ነቅሎ እንዲያመጣ ሲያደርጉ ይታያሉ። ይህ መቅረት አለበት። የተነቀለው ሥሩ ተቆርጦ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ጫካውም ተተኪ ያጣል። ፍሬ ለቅሞ ዘሩን መውሰድ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ያውም ከአንድ ተክል ሳይሆን ከብዙ፣ ለወፎቹም አስተርፎ። ከቤተ ክርስቲያን ደን ሲለቀም አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ ይገባል። አባቶች ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ በብዙ ወረዳ ዘር የሚለቀምበት ቦታ ባልነበረ።

መለዋወጡም ወሰን ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መጀመሪያ የታየው ነጩ የማንጎ ቅርፊት መሰል ተባይ ዛሬ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል። እንዲህ ያለ ተባይ በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ በችግኝና በፍሬ ላይ ሆኖ ይጓዛል። ስለዚህ ችግኝ በቀበሌ ውስጥ ይዘዋወር፤ ከሩቅ የሚመጣው የታጠበ ዘር ይሁን።

አንዳንዶች ደግሞ ዘር መለዋወጥ በሕግ ያስጠይቃል ብለው ይፈራሉ። የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢ ማኅበረሰቦች እርስ በርስ በልማድ የሚያደርጉትን አጠቃቀምና ልውውጥ አይመለከትም። ጎረቤት ለጎረቤት አንድ ጣሳ የአጋም ዘር ቢሰጥ የሚጠይቀው የለም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ ሥራ ገንዘብ መመደብ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው አንድ መዝገብና አንድ ቀን ነው። በመዝገቡ ላይ ጣፋጭ ፍሬ ያላቸው እናት ተክሎች በማን ማሳ ወይም በየትኛው ወሰን ላይ እንዳሉ ይጻፍ፤ ይህንንም ከኮሚቴው ይልቅ እረኞቹ ያውቁታልና እነሱ ይጠየቁ። ቀኑ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር፣ አባላት ለማዳበሪያ ወይም ለምርጥ ዘር በሚሰበሰቡበት ዕለት ቢሆን ሰው ለብቻው አይጠራም። ጓሮውን በብዛት የሚንከባከቡት ሴቶች ናቸውና በአባልነት ያልተመዘገቡ ሚስቶችም ይጋበዙ። የወሰደው ሰው ስም፣ የተክሉ ዓይነትና ዘሩ የመጣበት ቦታ ይመዝገብ። በሁለተኛው ዓመት የልማት ሠራተኛው ያንኑ መዝገብ ይዞ በየጓሮው ይዙር፤ ኮሽሙ አብቦ ከሆነም ወንዱንና ሴቱን ለይቶ ሴቷ ላይ ጨርቅ ይሰርባት፤ ቀጣዩ ቅርንጫፍ የሚወሰደው ከእሷ ነውና።