የሰሜንን ወሬ ማን ያውራ?

መጋቢት 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ጭሱ በፌስቡክ አገር ምድሩን አዳረሰ። ጓሳውና አስታው ሲቃጠል የሚያሳየውን ፎቶ ያላጋራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጩኸቱም ከንቱ አልቀረም፤ በሚያዝያ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ደግሞ ሄሊኮፕተር ደረሱ።

ከዚያ በፊት ግን የአካባቢው ገበሬና ወጣት ዳገቱን ወጥቶ እሳቱን በእርጥብ ቅርንጫፍ ይቀጠቅጥ ነበር። ስለ ቃጠሎው የጻፉት ስማቸው ከጽሑፋቸው ጋር ዛሬም አለ። ቅርንጫፍ ይዞ የወጣው ገበሬ ግን ከነመኖሩም ተረስቷል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ማንነትን ይቀርጻል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው የከተማ ልጅ ሰልፊና ላይክ ነው። ከፓርኩ አጠገብ ካለው ከደባርቅ ከተማ ሆኖ ላየው ነገሩ ሌላ ነው። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ላይ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ከጭላዳዎቹ አጠገብ የቆመው ስካውት፣ የጎብኚዎች ጠባቂው፣ ፎቶው ባሕር ተሻግሯል። ከሥሩ የተጻፈው የጎብኚው ስም ነው። ስካውቱ ልጆች እንዳሉት፣ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. አምባውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው፤ ዋልያም ጭላዳም እፎይታ ይገባቸዋልና ውጤቱ የሚያስደስት ነው። በስልክ የሚታየው ግጭ ግን ሰው ረግጦት የማያውቅ ሜዳ ይመስላል። ነዋሪዎቹ ግን እዚያ ገብስ ዘርተዋል፣ ወልደዋል፣ ወላጆቻቸውን ቀብረዋል። ደባርቅ የሚያድገው የግጭ ልጅ የትውልድ ቦታውን በማያውቃቸው ሰዎች ድንኳን መካከል ሲያየው፣ የማን ነኝ ይበል?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በባለታሪኩና በተናጋሪው መካከል ያለው ክፍተት ፈጦ ወጣ። ደባርቅና ጎረቤቱ ዳባት ዝም ሲሉ ከባሕር ማዶ ሆነው በስማቸው የሚናገሩ በዙ። አብዛኞቹ ቤተሰብ የናፈቃቸው፣ ስልክ አልነሳ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው፤ ወሬው ግን አራሚ አጣ። ለቅሶ ቤት ወሬ የሚያዛባ ሰው ቢገኝ «ከማን ሰማህ?» ብሎ የሚያርመው ሽማግሌ አይጠፋም። ያን ጊዜ ግን ማረም የሚችለው ሰው ኔትወርክ አልነበረውም።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከተማው ተራራውን እንደ ጓሮው የሚያውቁ አስጎብኚዎችም ሞልተውበታል። እነሱ ከየፎቶው ሥር የቦታውን ስም፣ የሰውየውን ስም፣ ማሳው የማን እንደነበር በአማርኛ ቢጽፉ ወጪው የአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል ነው። መጀመሪያ ግን ወደ ስካውቱ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ስምዎን ልጻፈው?» ማለት ይገባል።