ማባዛት ነው ወይስ ማካፈል?

ከጥቂት ቀናት በፊት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእኅቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «ጋሼ፥ ይኸኛው ማባዛት ነው ወይስ ማካፈል?» ስትል ጠየቀችኝ። «አንብበሽዋል?» ብላት «ቁጥሮቹን አይቻቸዋለሁ» አለችኝ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፤ «አንድ ነጋዴ 6 ካርቶን ሳሙና ገዛ። በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ 24 ሳሙና ቢኖር ነጋዴው በጠቅላላው ስንት ሳሙና ገዛ?» ልጅቱ የማባዛት ሠንጠረዥን እስከ 12 ድረስ በቃሏ ስትወርደው አንዲት ጊዜ እንኳ አትደናቀፍም። ታዲያ ያቃታት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ልጅቱ ሒሳብ አይገባትም ይል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ይመለከተዋል። ልጅቱ ሳታነብ የጠየቀችው ስንፍና ይዟት ሳይሆን ማንበብ እንደማያስፈልግ ከልምድ ስለ ተማረች ነው። የመጽሐፉ ምዕራፍ «ማባዛት» የሚል ርእስ ካለው ከሥሩ የተደረደሩት ጥያቄዎች የሚባዙ ናቸውና ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጎ ማባዛት ብቻ ይበቃል። በፈተና ቀን ምዕራፎቹ ሲደባለቁ ደግሞ ተማሪው የምልክት ቃል ማደን ይጀምራል፤ «በጠቅላላው» ካለ ደምር ወይም አባዛ፥ «እያንዳንዱ» ካለ አካፍል የሚል ሕግ ከጓደኛም ከአስጠኚም ይወርሳል። የሳሙናው ጥያቄ ሁለቱንም ቃላት ይዞ ስለ ተገኘ ልጅቱ ከመንታ መንገድ ላይ ቆመች።

ይህ የእኛ አገር ልጆች ጉድለት ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ገደማ ለ97 ሕፃናት «በአንዲት መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢያቀርቡላቸው 76ቱ ቁጥሮቹን አቀናጅተው መልስ ሰጡ። በአሜሪካም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ አገር አቀፍ ፈተና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች፥ አንድ አውቶቡስ 36 ወታደር የሚይዝ ቢሆን 1,128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 70ዎቹ ያህል ስሌቱን በትክክል ሠሩት። ነገር ግን 32 አውቶቡስ ያሉት ከመቶ 23 ብቻ ሲሆኑ 29ኙ «31 ቀሪ 12» ብለው ጻፉ። ዐሥራ ሁለቱ ወታደሮች በምን እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም! በየቢሮው ዕቅድና ሪፖርት የምናዘጋጅ ወጣቶችም በዚህ ከመሳቃችን በፊት ራሳችንን ብንመረምር አይከፋም።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ለማባዛት የሚሆን ድንቅ መሣሪያ አለው፤ ይኸውም ቁጥርን መድገም ነው። «መምህሩ ለ4 ተማሪዎች ዐሥራ ሁለት እርሳስ ሰጠ» ብንል የእርሳሱ ጠቅላላ ብዛት 12 ነው፤ እኩል ከተካፈሉት ለአንዱ 3 ይደርሰዋል። «ለ4 ተማሪዎች ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እርሳስ ሰጠ» ብንል ግን እርሳሱ 48 ሆነ። ልዩነቱ የቁጥሩ መደገም ብቻ ነው። እናቱ «ሁለት ሁለት ዳቦ ውሰዱ» ስትል የማይገባው ሕፃን የለም፤ ይህን የተማረው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ ጥቅሙ ይህን ከቤት የመጣ ዕውቀት ለመጠቀም እንዲቻል ነው። ጥያቄው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሰ እንደ ሆነ ግን ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ነገሩ ባዕድ ይሆናል።

«ማባዛት» የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ አለበት፤ ማብዛትን ስለሚያስታውስ ውጤቱ ሁልጊዜ የሚበልጥ ይመስላል። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ተማሪ ኪሎው 80 ብር ቢሆን 0.25 ኪሎ ሽንኩርት ስንት ያወጣል ሲባል ዋጋው ማነስ እንዳለበት ያውቅና፥ ማባዛት ያበዛል ብሎ 80ን ለ0.25 ያካፍላል። ለሩብ ኪሎ 320 ብር! ወደ ጉልት ቢላክ ግን ይህን ስሕተት አይሠራም።

የጉልትን ነገር ካነሣን በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ የተደረገውንና በ1985 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመውን ጥናት መጥቀስ ይገባል። አጥኚዎቹ በመንገድ ላይ የሚነግዱ 5 ልጆችን እንደ ገዢ ሆነው ሒሳብ ጠየቋቸው፤ ከመቶ 98ቱን ያህል በትክክል መለሱ። አንዱ የ10 ኮኮነት ዋጋ ሲጠየቅ የሦስቱን ዋጋ ይዞ በላዩ እየጨመረ ደረሰበት። በኋላ እነዚያው ልጆች እርሳስና ወረቀት ተሰጥቷቸው በቃላት ከተጻፉት ጥያቄዎች ከመቶ 74፥ ያለ ታሪክ በቁጥር ብቻ ከቀረቡት ደግሞ ከመቶ 37 ያህል አገኙ። ልጆቹ ጥቂት ቢሆኑም ነገሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሒሳቡ ታሪክ ሲኖረው ቀለላቸው እንጂ አልከበዳቸውም። በከተማችን ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረው ልጅ በክፍል ውስጥ ሰነፍ ተብሎ ቢቀመጥ ጥፋቱ የማን ነው?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር ወቀሳው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ወረደ። በእኔ አስተያየት ግን ሳያነቡ ማስላት የሚጀመረው በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ነው። በቃል መያዝን መናቄ አይደለም፤ ሠንጠረዡን የማያውቅ ልጅ በስሌት ሲደክም ታሪኩ ይጠፋበታል። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል የያዘ መምህር እያንዳንዱን አስረዳኝ ለማለት ጊዜ እንደሌለውም አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ፈተና አዘጋጁ የሚባዛውን፥ የሚካፈለውንና መልስ የሌለውን ጥያቄ ቢያደባልቅ፥ ሥዕል ለሣለ ወይም ታሪኩን በራሱ ቃል ለጻፈ ተማሪ ጥቂት ነጥብ ቢሰጥ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

የእኅቴን ልጅ መልሱን አልነገርኋትም፤ «ነጋዴው ምን ምን እንዳደረገ ሣይልኝ» አልኋት። ስድስት ሣጥን ሣለችና በእያንዳንዱ ላይ 24 ጻፈች። ትንሽ ተመለከተችውና «እንዴ! ይኼማ መደመር ነው እኮ» አለች። ከሦስተኛው ካርቶን 72 ላይ ስትደርስ ታከታት፤ የቀሩትን ሦስት ሣጥኖች በጣቷ ሸፍና 72ን በ2 አባዛችው።